ቡልዶግ ቡችላ ለመግዛት ለምታስቡ፦ ከዓይናችሁ በፊት ጆሯችሁን አስቀድሙ

የመጀመሪያውን ቡልዶጋችንን የገዛሁት ሜሪላንድ ውስጥ በአንድ የገበያ ማዕከል መኪና ማቆሚያ ላይ ነው። ሻጩ «ቤቴ ሩቅ ስለሆነ እንዳትደክሙ መንገድ ላይ እንገናኝ» ሲለኝ ደግ ሰው መስሎኝ አመሰገንኩት። ቡችላው ካርቶን ውስጥ ተኝቶ ያንኮራፋ ነበር። ልጆቹ ፊቱን አይተው «ዳቦ» ብለው ስም አወጡለት። ማንኮራፋቱን በስልክ እየቀረጽን አዲስ አበባ ላሉ ዘመዶቻችን እንልክ ነበር፤ እዚያም እዚህም ይሳቃል። ሁለት ዓመት ሳይሞላው የእንስሳት ሐኪማችን ያንኑ ቅጂ ሰማች። እሷ አልሳቀችም። «ይህ ውሻ እያንኮራፋ አይደለም፤ አየር እያጠረው ነው» አለችን። የአፍንጫውን ቀዳዳ ለማስፋትና የላንቃውን ትርፍ ሥጋ ለመቁረጥ የተደረገለት ቀዶ ሕክምና ከተገዛበት ዋጋ በላይ አስወጣን።

ሁለተኛዋን ለማግኘት አሥራ አንድ ወር ፈጀብኝ። ከዚህ በታች የምጽፈው በእነዚያ ወራት የተማርኩትን ነው። የምኖረው አሜሪካ ስለሆነ አብዛኛው የዚህ አገር አሠራር ነው፤ እንግሊዝ ላላችሁ የሚለየውን በየቦታው አነሣለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«እናቷን አይተህ ልጅቷን አግባ» የሚለው ምክር ለጋብቻ መሥራቱን እንጃ፤ ለቡልዶግ ግን ቃል በቃል ይሠራል። የስምንት ሳምንት ቡልዶግ ቡችላ ሁሉ ጤነኛ ይመስላል። የትንፋሹ፣ የዳሌው፣ የቆዳው ችግር ብዙውን ጊዜ የሚገለጠው ካደገ በኋላ ነው። ስለዚህ የምትመርጡት ቡችላ አይደለም። የምትመርጡት እናቱንና አባቱን፣ ከዚያም ሁለቱን ያገናኛቸውን ሰው ነው።

አንደኛ፦ ቡልዶግ ለእናንተ ቤት ይሆናል?

እዚህ የማወራው ስለ እንግሊዝ ቡልዶግ ነው፤ ደረተ ሰፊው፣ ጆሮው የታጠፈው፣ ወንዱ 23 ኪሎ፣ ሴቷ 18 ኪሎ ገደማ የምትመዝነው። ጆሮው እንደ ሌሊት ወፍ የቆመው ትንሹ የፈረንሳይ ቡልዶግ ሌላ ዝርያ ነው፤ ስለ ትንፋሽ የምለው ግን ለእሱም ይሆናል።

የዚህ ውሻ ስም የመጣው ኮርማ ላይ ውሻ እየለቀቁ ከሚወራረዱበት የእንግሊዞች ጨዋታ ነው። ጨዋታው በ1835 በሕግ ሲከለከል ውሻው ሥራ ፈታ፤ ከዚያ በኋላ ለመልኩ ሲባል ብቻ ይራባ ጀመር። ትውልድ በተቆጠረ ቁጥር ፊቱ እያጠረ፣ ጭንቅላቱ እየገዘፈ ሄደ። የውሻ ዝርያዎችን የሚመዘግበው የአሜሪካ ኬኔል ክለብ በ1886 ሲመዘግበው ጉዞው ተጀምሮ ነበር። የኮርማ አፍንጫ ነክሶ አልለቅም ይል የነበረው ዘር ዛሬ በሐምሌ ከሰዓት በኋላ ፎቅ ቤት ደረጃ ሲወጣ መሀል ላይ ቁጭ ይላል።

የለንደኑ ሮያል ቬተሪናሪ ኮሌጅ ተመራማሪዎች በ2022 ባወጡት ጥናት የእንግሊዝ ቡልዶግ በአንድ ዓመት ውስጥ ቢያንስ በአንድ ሕመም የመያዝ ዕድሉ ከሌሎች ውሾች በእጥፍ ይበልጣል፤ በቆዳ እጥፋት ቁስል የመያዝ ዕድሉ ደግሞ 38 እጥፍ ነው። በዚያው ዓመት የወጣ ሌላ ጥናት በእንግሊዝ የቡልዶግን አማካይ ዕድሜ 7.4 ዓመት ገደማ አድርጎታል፤ የውሾች ሁሉ አማካይ ከ11 ዓመት በላይ ነው። ኖርዌይ ውስጥ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሷል። የኦስሎ ፍርድ ቤት በ2022 መጀመሪያ ላይ ቡልዶግ ማራባት የእንስሳት ደኅንነት ሕጉን ይጥሳል ብሎ ነበር። ክርክሩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄዶ በ2023 ሲቋጭ እገዳው ካቫሊየር በሚባለው ዝርያ ላይ ሲጸና ቡልዶግ ተረፈ። ተረፈ እንጂ ነጻ ወጣ አልልም።

ይህን ሁሉ የምዘረዝረው ላስፈራራችሁ አይደለም፤ እኔም ሁለተኛ ገዝቻለሁ። የውሻ አያያዝ ልማዳችን ግን ለዚህ ዘር እንደማይሆን አስቀድሞ ማወቅ ይገባል። አገር ቤት ውሻ ማለት ግቢ ውስጥ የሚያድር፣ በር የሚጠብቅ ነው። ቡልዶግ ውጭ ማደር አይችልም፤ በሙቀት የመመታት ዕድሉ ከላብራዶር በ14 እጥፍ እንደሚበልጥ የእንግሊዝ ጥናት አሳይቷል። ዱባይ ወይም ሪያድ ያላችሁ ደግሞ በጋውን ሙሉ ከአየር ማቀዝቀዣ እንደማይርቅ ቁጠሩት። ዋና አይችልም፤ ጭንቅላቱና ደረቱ ከብደው ወደ ታች ይጎትቱታል፤ ገንዳ ያለበት ቤት አጥር ያስፈልጋል። ክረምት አዲስ አበባ ይዘነው እንሄዳለን የምትሉ ካላችሁ ብዙ አየር መንገዶች አፍንጫ አጭር ውሾችን በጭነት ክፍል እንደማይቀበሉ እወቁ። ኢትዮጵያ ደግሞ በአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ዘንድ የእብድ ውሻ በሽታ ከሚያሰጋባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ናት። ከነሐሴ 2024 ጀምሮ ወደ አሜሪካ የሚገባ ውሻ ስድስት ወር የሞላውና ማይክሮቺፕ (ከቆዳው ሥር የሚገባ መለያ) ያለው መሆን አለበት፤ ከእንደዚህ ዓይነት አገር ለሚመለስ ደግሞ የክትባት ማስረጃው ከመነሣታችሁ በፊት እዚሁ ተዘጋጅቶ ማለቅ አለበት። እዚያ ደርሶ «አሁን ምን ይሻላል?» ማለት አይቻልም።

ሁለተኛ፦ አርቢውን የምታገኙበት ቦታ

ጥሩ አርቢ ብዙውን ጊዜ በማስታወቂያ አይገኝም። የአሜሪካ ቡልዶግ ክለብና በየአካባቢው ያሉት ቅርንጫፎቹ ቡችላ ለሚፈልግ ሰው አርቢ ይጠቁማሉ፤ እኔ የጀመርኩት ከዚያ ነው። ሁለተኛው መንገድ የውሻ ትርዒት መሄድ ነው። በየወሩ ማለት ይቻላል በአንዱ ከተማ አዳራሽ ውስጥ ይካሄዳል። ከውድድሩ በፊት ግን አርቢዎቹን አታናግሯቸው፤ በዚያች ሰዓት የሙሽራ ሚዜ ናቸው። ከጨረሱ በኋላ ቡና ይዛችሁ ቅረቡ፤ ስለ ውሾቻቸው ካወሩ አያቆሙም።

መሸጫ ሱቅን እርሱት። ሜሪላንድ ከ2020 ጀምሮ የቤት እንስሳ ሱቆች ቡችላ እንዳይሸጡ ከልክላለች፤ ሌሎች ግዛቶችም ተከትለዋል። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ራሱን የሚያከብር አርቢ ቡችላውን ማን እንደሚወስደው ሳያውቅ ለሱቅ አያስረክብም። እንግሊዝ ውስጥ «የሉሲ ሕግ» የሚባለው ከሚያዝያ 2020 ጀምሮ ስድስት ወር ያልሞላው ቡችላ በደላላ እንዳይሸጥ አግዷል፤ ቡችላው በተወለደበት ቦታ ከእናቱ ጋር መታየት አለበት።

በኢንተርኔት ከሚያዩት ቆንጆ ፎቶ ጀርባ ደግሞ ቡችላው ጭራሽ ላይኖር ይችላል። ዋጋው ከገበያው በግማሽ የወረደ ከሆነ፣ ሻጩ በቪዲዮ መገናኘት ካልፈለገ፣ ገንዘቡን በስጦታ ካርድ ወይም ሊመለስ በማይችል መንገድ አሁኑኑ ላኩ ካለ፣ ከዚያም «ለማጓጓዣ ሣጥን» ሌላ ክፍያ ከጠየቀ፣ ስልኩን ዝጉት። ፎቶውን በጉግል የምስል መፈለጊያ ብትፈትሹት ያው ቡችላ በአምስት ስም በአምስት ከተማ ሲሸጥ ልታገኙት ትችላላችሁ።

ከዚህ በኋላ መጠበቅ ነው። ደህና አርቢ በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ ቡችላ ቢኖረው ነው፤ ዝርዝር ይዞ ተራ ያስጠብቃል። «አሁን አምስት አሉኝ፤ በሚቀጥለው ወር ሌሎች ይደርሳሉ» የሚል ሰው ፋብሪካ ነው ያለው።

ሦስተኛ፦ የስልክ ጥያቄዎች

የእኛ ሰው እዚህ ላይ ይሸነፋል። ሰው ቤት ደውሎ ጓዳውን መመርመር ነውር ይመስለናል፤ ለመጀመሪያዋ አርቢ ስደውል «አይቸገሩ» እያልኩ ግማሹን ጥያቄዬን ዋጥኩት። ጥሩ አርቢ ግን በጥያቄ አይከፋም፤ እንዲያውም ጠያቂው እሱ ነው። ቤታችሁ ደረጃ አለው? ቀን ማን ይኖራል? አየር ማቀዝቀዣው ይሠራል? ከዚህ በፊት ውሻ ነበራችሁ፤ ምን ሆነ? እንዲህ ሳይጠይቅ ዋጋ የሚነግራችሁ ሰው ሊሸጥላችሁ እንጂ ሊያስረክባችሁ አልፈለገም።

እኔ የማስቀድመው ጥያቄ «እነዚህን ሁለቱን ለምን አገናኛችኋቸው?» የሚለው ነው። «ሁለቱም የእኔ ስለሆኑ» ወይም «ቆንጆ ስለሆኑ» የሚል መልስ ራሱን ይገልጣል። ሁለተኛዋን የሸጠችልኝ አርቢ ያለችኝ ሌላ ነው፦ «እሷ አፍንጫዋ ክፍት ነው፤ ስትራመድም ቀላል ናት፤ ጉልበቷ ላይ ግን ትንሽ ልቅነት ነበረባት። ስለዚህ ጉልበቱ ጠንካራ የሆነ ወንድ ስድስት ወር ፈለግሁላት።» የራሱን ውሻ ጉድለት ሳይጠየቅ የሚናገር አርቢ ስታገኙ ስልኩን አትዝጉ።

ቀጥሎ የእናቲቱን ዕድሜና ስንት ጊዜ እንደወለደች ጠይቁ፤ በምን ሁኔታ እንደወለደችም። ቡልዶግ በአብዛኛው በራሷ አትወልድም፤ የቡችሎቹ ጭንቅላት ትልቅ፣ የእናቲቱ ዳሌ ጠባብ ነው። በ2010 የታተመ የእንግሊዝ ጥናት ከአሥሩ የቡልዶግ ወሊዶች ከስምንት በላይ የሚሆኑት በቀዶ ሕክምና እንደሆኑ አግኝቷል። ስለዚህ «በቀዶ ነው የወለደችው» ማለት በራሱ ክፉ ምልክት አይደለም፤ ቁጥሩ ነው ጉዳዩ። የእንግሊዙ ኬኔል ክለብ ሁለት ጊዜ በቀዶ የወለደች እናት ሦስተኛ ልጆችን አይመዘግብም። አሜሪካ ያላችሁም ይህንኑ ልክ ያዙ። በራሷ የወለደች ከሆነ ደግሞ ብርቅ ነውና ማን እንዳየ፣ ምን ያህል ሰዓት እንደፈጀ ጠይቁ።

በመጨረሻ አያቶቹ በሕይወት አሉ ወይ በሉ። ከሞቱ በስንት ዓመታቸው፣ በምን? ይህን ጥያቄ ብዙ ሰው አይጠይቅም። አሥር ዓመት የሞላት፣ አሁንም ጓሮ ውስጥ የምትንጎራደድ አያት ከማንኛውም ዋንጫ ትበልጣለች።

አራተኛ፦ ወረቀቶቹ

መጀመሪያ አንድ ስሕተት ላርም። የአሜሪካ ኬኔል ክለብ የምዝገባ ወረቀት የጤና ማስረጃ አይደለም። የልደት የምስክር ወረቀት በሉት፦ እናቱ እንትና፣ አባቱ እንትና፣ ዘሩ ንጹሕ። ዳቦም ወረቀት ነበረው። «ሐኪም አይቶታል» የሚለውም ምርመራ አይደለም፤ ቡችላው ተቅማጥ የለውም ማለት ነው።

እውነተኛው ምርመራ የሚደረገው በወላጆቹ ላይ ነው። አሜሪካ ውስጥ ውጤቱን የሚመዘግበው በ1966 የተቋቋመው፣ ሚዙሪ የሚገኘው ኦርቶፔዲክ ፋውንዴሽን ፎር አኒማልስ ነው፤ ሰዉ በአጭሩ ኦኤፍኤ ይለዋል። የእናትና የአባትን የምዝገባ ስም ወይም ቁጥር ከአርቢው ተቀበሉና ድረ ገጹ ላይ ራሳችሁ ፈልጉ፤ በነጻ ነው። አርቢው የላከላችሁን ፎቶ ብቻ አትመኑ።

ከሁሉ የሚቀድመው የትንፋሽ ነገር ነው። የቡልዶግ ፊት ሲያጥር አጥንቱ እንጂ ውስጡ ያለው ሥጋ አላጠረም። ላንቃው ረዝሞ ወደ ጉሮሮ ይንጠለጠላል፣ የአፍንጫው ቀዳዳ እንደ ስንጥቅ ይጠባል፤ በአንዳንዱ ላይ የአየር ቧንቧው ራሱ ሲፈጠር ጀምሮ ቀጭን ነው። የቧንቧው በራጅ ይታያል፤ ውጤቱም ኦኤፍኤ ላይ ይመዘገባል። ለቀሪው የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲና የእንግሊዙ ኬኔል ክለብ በ2019 አንድ ፈተና ሥራ ላይ አውለዋል፤ ኦኤፍኤም ወደ አሜሪካ አምጥቶታል። የሠለጠነ ሐኪም የውሻውን ጉሮሮ በማዳመጫ ይሰማል፣ ውሻው ለሦስት ደቂቃ በሶምሶማ ይሄዳል፣ ሐኪሙ እንደገና ያዳምጣል፤ ከዚያ ከ0 እስከ 3 ደረጃ ይሰጣል። 0 ንጹሕ ነው። 3 ያገኘ ውሻ እንዲራባ አይመከርም። ፈተናው ዓመት ላልሞላው አይሰጥም፣ ትንፋሽ ከዕድሜ ጋር ስለሚለወጥም በየሁለት ዓመቱ ይደገማል። እንግዲህ ቡችላውን መፈተን አይቻልም፤ ወላጆቹን ግን ይቻላል። ይህን ፈተና ያለፉ ወላጆች ያሉት አርቢ ካገኛችሁ ሌላው ሁሉ እንደ ትርፍ ነው።

የልብ ምርመራ ይከተላል። ቡልዶግ ከልብ ወደ ሳንባ የሚወስደው ደም መውጫ ጠቦ የሚወለድበት ችግር የሚበዛበት ዘር ነው፤ በልብ ስፔሻሊስት የተሰጠ ውጤት ካለ ይመረጣል። የጉልበት ሎሚ መንሸራተት ሐኪም በእጁ ዳስሶ የሚያውቀው ነው። ለሽንት ጠጠር የሚያጋልጥ በዘር የሚተላለፍ ጉድለት ደግሞ በዲኤንኤ ይታወቃል። ጉድለቱ የሚወጣው ከእናትም ከአባትም ለወረሰው ብቻ ስለሆነ ከሁለት አንዱ ንጹሕ ከሆነ ልጆቹ አይታመሙም።

ዳሌን በተመለከተ እውነቱን ልንገራችሁ። ኦኤፍኤ በራጅ ካያቸው ቡልዶጎች ውስጥ ከመቶ ሰባ በላይ የሚሆኑት የዳሌ ችግር አለባቸው። ፍጹም ዳሌ ያለው ቡልዶግ እፈልጋለሁ ካላችሁ ውሻ ሳትይዙ ትሸብታላችሁ። ወላጆቹ እንዴት እንደሚሄዱ፣ እንዴት እንደሚነሡ በዓይናችሁ እዩ፤ አርቢው ራጁን አንሥቶ ከሆነና ካልደበቀ ግን ምስጋና ይገባዋል።

የዘር ሐረጉንም አንብቡ። አንድ ስም በእናትም በአባትም በኩል ከሁለትና ሦስት ጊዜ በላይ ከመጣ ዘመድ ከዘመድ ተጋብቷል ማለት ነው። በ2016 የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ ተመራማሪዎች ያሳተሙት ጥናት የእንግሊዝ ቡልዶግ የዘር ስብጥር ምን ያህል እንደጠበበ አሳይቷል። ሰባት ቤት ቆጥረን ለምንጋባው ለእኛ ይህን ማስረዳት አያስፈልግም።

አምስተኛ፦ ቤቱ ሄዳችሁ እናቲቱን ማዳመጥ

ከቡችሎቹ አትጀምሩ። አንዴ ቡችላ ካቀፋችሁ ማገናዘብ ቀርቷል፤ ልጆች ይዛችሁ ከሄዳችሁማ አለቀላችሁ። የመጀመሪያውን ጉብኝት ያለ ልጆች አድርጉት።

እናቲቱ ትምጣ። ገና የምታጠባ ከሆነች ትደክማለችና አታስቸግሯት፤ ግን ጓሮው ውስጥ ከአርቢዋ ጋር ሁለት ሦስት ዙር ትራመድ። እናንተ ዝም በሉ። ወሬ አቁሙ፤ ስሙ። ለብ ባለ ቀን በእርጋታ ተራምዳ ስታቆም ሲር ሲር የሚል ፉጨት ወይም መጋዝ የሚመስል ድምፅ ካለ፣ ስታለከልክ ምላሷ ወደ ወይን ጠጅ ካደላ፣ ትንፋሿ ለመመለስ ብዙ ደቂቃ ከወሰደ፣ አመስግናችሁ ውጡ። «ቡልዶግ ሁሉ እንዲህ ነው» ይሏችኋል። አይደለም። እኔ ራሴ ድምፅ የሌላት እናት እስካይ ድረስ አላመንኩም ነበር።

ከዚያ ጠጋ ብላችሁ እዩ። የአፍንጫዋ ቀዳዳ ክፍት ነው ወይስ የተጻፈ ነጠላ ሰረዝ ይመስላል? ከአፍንጫዋ በላይ ያለው የቆዳ እጥፋት ዓይኗን ይነካል? እጥፋቱን ገለጥ አድርጋችሁ አሽቱ፤ ያደረ እርሾ የሚሸት ከሆነ ቁስል አለ። ጭራዋ ወደ ውስጥ ተጠምዝዞ የተቀበረ ነው ወይስ በእጅ የሚያዝና የሚንቀሳቀስ? የተቀበረ ጭራ ሥር ቆሻሻ እየተከማቸ ይቆስላል፤ የጭራው መጠማዘዝ ከአከርካሪ አጥንት ጉድለት ጋርም ይያያዛል። ባሕርይዋንም እዩ። እንግዳ ስታይ የምትደበቅ እናት ያንኑ ታስተምራለች።

አባትየው ላይኖር ይችላል። ብዙ ቡልዶግ የሚራባው በሰው ሠራሽ መንገድ ስለሆነ አባቱ ሌላ ግዛት ነው፤ ይህ አያሳስብ። የአባትየውን የኦኤፍኤ መዝገብና ሲራመድ የተቀረጸ ቪዲዮ ድምፁ ሳይጠፋ ጠይቁ። በሙዚቃ የታጀበ ቪዲዮ አይሆንም!

ስለ ቤቱ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ቡልዶግ እናት ከባድና ዝርክርክ ናት፤ ሳታውቀው ቡችላዋ ላይ ትተኛለች። ለዚህ ነው ደህና አርቢ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት አልጋውን አጠገባቸው ዘርግቶ የሚያድረው። «የክብደት መዝገቡን ላየው?» በሉ። የእኔ አርቢ የተቀባባ ደብተር አመጣች፤ እያንዳንዱ ቡችላ በቀን ሁለቴ በግራም ተመዝኗል፤ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ የተጻፈም ነበረበት። እንዲህ ያለ ደብተር በአንድ ቀን ተፈብርኮ አይቀርብም።

ስድስተኛ፦ አሁን ቡችላው

ከስምንት ሳምንት በታች አትውሰዱ፤ ብዙ የቡልዶግ አርቢዎች እስከ አሥር ሳምንት ያቆያሉ፤ ጠንቃቃ ናቸው። መጀመሪያ ተኝተው ሳሉ እዩአቸው። የተኛ ቡችላ ጸጥ ማለት አለበት። አፉን ከፍቶ ወይም አገጩን ከፍ አድርጎ ካልሆነ መተኛት የማይችል ቡችላ አየር እየፈለገ ነው። ከዚያ ሲነቁና ሲጫወቱ እዩ፤ እየተሯሯጠ ድንገት ቆሞ የሚያጓራውን ልብ በሉ።

የመረጣችሁትን አንሡት። ከመጠኑ በላይ ከባድ መምሰል አለበት፤ ሆዱ ብቻ ተነፍቶ ጎድኑ የሚቆጠር ከሆነ ትል አለበት። አፉን ክፈቱና ላንቃውን እዩ፤ ስንጥቅ ያለው ቡችላ ሲጠባ ወተቱ በአፍንጫው ይወጣል። ድዱ ሮዝ ይሁን። በዓይኑ ጥግ ላይ እንደ ቀይ ፍሬ ያበጠ ሥጋ ካያችሁ «ቼሪ አይ» የሚባለው ነው፤ በቀዶ ይስተካከላል፣ ግን ወጪው የማን እንደሆነ ከአሁኑ ተነጋገሩ። ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ታጥፎ ዓይኑን እየቧጨረ እንዳይሆን። እምብርቱን ዳስሱ፤ ለስላሳ እብጠት ካለ ሐኪም ይይ። ወንድ ከሆነ ሁለቱም ቆለጦች መውረዳቸውን ወይም ገና መሆኑን አርቢው ይንገራችሁ። ነጭ የበዛበት ቡችላ ከሆነ ከጀርባው አጨብጭቡ፤ በነጭ ውሾች ላይ መስማት አለመቻል ይከሰታል።

ስለ ቀለም ብዙ ገንዘብ ስለሚባክን ቆም ልበል። የቡልዶግ ቀለም ቀይ፣ ነጭ፣ ቡላ፣ ወይም መስመር መስመር ያለው ዥጉርጉር ነው። «ብርቅዬ ሰማያዊ»፣ «ሊላክ»፣ «ቸኮሌት»፣ «ሜርል» እየተባለ በእጥፍ ዋጋ የሚሸጠው ከዘሩ መስፈርት ውጭ ነው፤ ገዢው ተጨማሪ የሚከፍለው ለጉድለት ነው። ሜርል ከሜርል ጋር ከተዳቀለ ደግሞ ከልጆቹ አንዳንዱ ደንቆሮ ወይም ዕውር ሆኖ ይወለዳል። ቀለምን አስቀድሞ ጤናን የሚያስከትል አርቢ በሌላውም ነገር እንዲሁ ነው።

የመጀመሪያው ክትባት ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ጊዜ ይሰጣል፤ የትል መድኃኒትም ከሁለት ሳምንቱ ጀምሮ ተደጋግሞ መሰጠት ነበረበት። ቀኑና የመድኃኒቱ ስም የተጻፈበት ወረቀት ተቀበሉ።

ሰባተኛ፦ ውልና ገንዘብ

ጤናቸው ከተመረመረ ወላጆች የተወለደ ቡልዶግ በአሜሪካ ብዙውን ጊዜ ከ2,500 እስከ 5,000 ዶላር ያወጣል። የሰው ሠራሽ ማዳቀሉን፣ የቀዶ ሕክምናውን፣ የራጁን ወጪ ስትደምሩ አርቢዋ ሀብታም እንደማትሆን ይገባችኋል። በ900 ዶላር የሚሸጥ ሰው ከእነዚህ አንዱን ዘሏል፤ የትኛውን እንደዘለለ ኋላ ሐኪሙ ይነግራችኋል።

ውሉን ከመፈረማችሁ በፊት ሙሉውን አንብቡ። «በማንኛውም ጊዜ ማቆየት ካልቻላችሁ ለእኔ መልሱ» የሚል አንቀጽ ጥሩ ምልክት ነው፤ ሰውየው ለወለደው ኃላፊነት ይወስዳል። በሁለትና ሦስት ቀን ውስጥ የራሳችሁ ሐኪም እንዲያየው የሚፈቅድ አንቀጽም ይኑር። አንድ ወጥመድ ግን አለ፦ «የዘር በሽታ ከተገኘ ገንዘቡ የሚመለሰው ውሻው ሲመለስ ብቻ ነው» የሚል። ዓመት ሙሉ ከልጆቻችሁ ጋር የተኛን ውሻ ማን ይመልሳል? ይህን የሚያውቅ ሻጭ ነው የሚጽፈው። በምትኩ የሕክምናውን ወጪ እስከ ግዢው ዋጋ ድረስ የሚሸፍን ቃል እንዲገባ ጠይቁ። በብዙ ግዛቶች ገዢን የሚጠብቅ ሕግ አለ። ለምሳሌ ኒው ዮርክ ውስጥ ከነጋዴ የተገዛ እንስሳ በ14 የሥራ ቀን ውስጥ ከታመመ፣ ወይም በ180 ቀን ውስጥ አብሮት የተወለደ ጉድለት ከተገኘበት፣ በሐኪም ማረጋገጫ መጠየቅ ይቻላል። እኔ ከዚያ መኪና ማቆሚያ የወሰድኩት ወረቀት ላይ የሻጩ አድራሻ እንኳን አልነበረም።

የቤት እንስሳ መድን የምትገዙ ከሆነ ቡችላው ቤት በገባ ሳምንት ግዙ። የመድን ድርጅቶች አስቀድሞ ለታወቀ ሕመም አይከፍሉም፤ ሐኪሙ አንዴ «ትንፋሹ ይከብዳል» ብሎ ከጻፈ በኋላ ረፍዷል።

ወደ ቤት

በጠዋት ተነሡ፤ መኪናው አስቀድሞ ይቀዝቅዝ። አንገቱ ላይ ማሰሪያ አታድርጉ፤ ደረቱን የሚይዝ ቀበቶ ይሻላል፣ ጉሮሮው የተጫነ ቡልዶግ ይታፈናልና። የሚበላውን ምግብ ከአርቢው ለሁለት ሳምንት የሚሆን ውሰዱ፤ ቀስ በቀስ ካልቀየራችሁት ሆዱ ይበላሻል። ክትባቱ እስኪጠናቀቅ፣ ማለትም እስከ አሥራ ስድስተኛው ሳምንት ገደማ፣ ሌሎች ውሾች የሚበዙበት መናፈሻ አታውርዱት። የፊቱን እጥፋት በየቀኑ በእርጥብ ጨርቅ ጠርጋችሁ አድርቁት፤ ማድረቁ ከማጠቡ ይበልጣል።

ሁለተኛዋን ይዘን ስንመለስ ሁለት ሰዓት ተኩል ነድተናል። ከኋላ ወንበር የትንሹ ልጄ እግሮች ላይ ተኝታ ነበር። ዳቦን ይዞ ያደገው ይኸው ልጄ ግማሽ መንገድ ላይ ጆሮውን አስጠግቶ ቆየና «ይቺ ድምፅ የላትም፤ ታማለች?» አለኝ።